አሥራ ሦስት በአሥራ ሦስት

በእኛ ዕድሜ ያሉ ሰዎች የጌም ትዝታ ሲያነሡ ወሬው ሁሉ የድል ነው፤ ማን ማንን በ"ዊኒንግ" አምስት ለባዶ እንደሸኘ፣ ማን "ኮንትራ"ን በአንድ ነፍስ እንደጨረሰ። እኔ እንዲህ ያለ ጀብዱ የለኝም። ጣቴ ቀርፋፋ ነበር። እኔ የምወደው ሌሎች የሚጫወቱበትን ሜዳ መሥራት ነበር፤ ከሠራሁት ይልቅ ደግሞ ቦታ ጠቦ ውጭ የቀረውን አብልጬ አስታውሰዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ነፋስ መውጫ ነው። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚሄደውን፣ ሽማግሌዎች ዛሬም "የቻይና መንገድ" የሚሉትን ጎዳና ይዛ የተሰደረች የላይ ጋይንት ከተማ ናት። 1990 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ዳር የተመለሰ አንድ ጎረምሳ ከሱቁ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ቴሌቪዥንና ጌም አስገባ። ማሽኑ የኒንቴንዶው "ፋሚኮም" ግልባጭ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ለእኛ "ጌም" ነው፣ በቃ። ካሴቱ 9999 ጨዋታ አለኝ ብሎ ተለጥፎበታል፤ ገልጠህ ስታየው ግን እነዚያው ጥቂት ጨዋታዎች ስም እየለወጡ ይመላለሱበታል። ከሁሉ የሚወደደው "ታንክ" ነበር። ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1985 "ባትል ሲቲ" ብሎ ያወጣው ነው። ከሜዳው ግርጌ መሐል ላይ ንስር ተቀምጧል፤ በየስቴጁ 20 የጠላት ታንክ እየተፈራረቀ ይመጣል፤ ንስሩ ከተመታ አለቀ፣ ለሌላው ልቀቅ።

በመግቢያው ገጽ ላይ ሦስት ምርጫ ነበር። ለአንድ ሰው፣ ለሁለት ሰው፣ ሦስተኛውን ግን ማንም አይነካውም። የነካው ልጅ ጥቁር ባዶ ሜዳ ይመጣበትና "ተበላሸ!" ብሎ ይጮኻል፤ ባለቤቱም ሮጦ መጥቶ ያጠፋዋል። አንድ ቀን ወረፋ የሌለበት ሰዓት ጠብቄ ገባሁበት። ጥቁሩ ሜዳ ላይ አንዲት ታንክ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቁልፉን ስጫነው ከሥሯ ጡብ በቀለ። ደግሜ ስጫነው ጡቡ መልኩን ለወጠ። እየደጋገምኩ ስጫን ብረት ሆነ፣ ውሃ ሆነ፣ ደን ሆነ፣ በረዶ ሆነ፣ መልሶ ባዶ ሆነ። ሜዳውን መሥራት የሚችለው ጃፓን ያለ ሰው ብቻ አለመሆኑ ያን ቀን ገባኝ፤ ለካ እኔም እችላለሁ።

ከዚያ በኋላ ከባለቤቱ ጋር ጠብ ሆነ። ሒሳቡ "እስክትሞት ድረስ" ነበርና፣ የሚገነባ ሰው ደግሞ አይሞትም። ወረፋ የያዙት ልጆች "አንተ፣ ልትጫወት ነው ወይስ ቤት ልትሠራ?" እያሉ ጀርባዬን ይነቀንቁኛል። በመጨረሻ ለእኔ ብቻ የሚሠራ ሕግ ወጣ፤ ግንባታ በሰዓት ይከፈላል ተባለ። ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። የተሠራው ስቴጅ የሚቆየው ማሽኑ እስከበራ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ከሄደ፣ ባለቤቱ ካጠፋው፣ አንድ ልጅ ገመዱን በእግሩ ከመታው ሁሉም ይሰረዛል። የነፋስ መውጫ ልጅ መብራት ምን ያህል እንደሚታመን ያውቃል። ያ ማሽን ለሥራው ያለው ማስታወሻ 2 ኪሎባይት ነው፤ ታንኮቹ፣ ጥይቶቹ፣ ነጥቡ ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው የሚራኮቱት። የእኔን ግንብ ለነገ የሚያቆይበት ቦታ ከነጭራሹ የለውም።

ስለዚህ ማስቀመጫው ደብተር ሆነ።

ሜዳው 13 በ13 ነው። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ይህን ለመሣል የተፈጠረ ይመስላል። መጀመሪያ ሥዕል ነበር የምሥለው፤ ጡቡን በቀይ እስክሪብቶ፣ ውሃውን በሰማያዊ። አንድ ስቴጅ አንድ ገጽ ይበላል። እናቴ ግን ባለ ካሬ ደብተር የምትገዛልኝ ለሒሳብ እንጂ ለታንክ አልነበረም። እኔ ከኋላ ጀምሬ ወደ ፊት እጽፋለሁ፣ ሒሳቡ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየገፋ ይመጣል። መሐል ላይ የሚገናኙበት ቀን እየቀረበ ሲሄድ ሥዕሉን ትቼ በፊደል መጻፍ ጀመርኩ።

ጡቡ አምስት መልክ ነበረው፤ ሙሉው፣ የቀኝ ግማሹ፣ የታች ግማሹ፣ የግራውና የላዩ። ብረቱም እንደዚያው አምስት። ይህን ለመጻፍ ከፊደል ገበታ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል? ለጡብ "ጠ"ን ሰጠሁት። ግዕዙ ሙሉ ጡብ፣ ካዕቡ የቀኝ ግማሽ፣ ሣልሱ የታች፣ ራብዑ የግራ፣ ኃምሱ የላይ። ለብረት "በ"ን በዚያው ሥርዓት። ለውሃ "ወ"፣ ለደን "ደ"፣ ለበረዶ "ረ"፣ ለባዶ ነጥብ። በጠቅላላው 14 ነገር፤ አንድ ነገር በአንድ ፊደል። ስድስት ጡብ ተከታትሎ ሲመጣ "6ጠ" ብቻ ማለት እንደሚበቃም ቆይቶ ታየኝ። ስቴጁ ከሙሉ ገጽ ወደ ሩብ ገጽ ወረደ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም በዚያ ዘመን ቤተ ልሔም ድጓ ይማር ነበር። ቤተ ልሔም ምን እንደሆነች ለጋይንት ሰው አይነገርም፤ ለሌላው ግን ልበል። ድጓን ዘልቆ ለመመስከር የፈለገ የጎጃምም፣ የሸዋም፣ የትግራይም ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ የሚመጣው እዚያ ነው። ቆማና አጫብር የየራሳቸው የዜማ ስልት አላቸው፤ በሰፊው የሚዜመው ግን የቤተ ልሔሙ ነው። ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ደግሞ እዚያው ጋይንት ውስጥ ዙር አምባ አለለት። ጋሼ ለበዓል ሲመጣ ደበሎውን በር ላይ ያወልቅና እናቴ ያሰናዳችለትን እየበላ የእኔን ደብተር መመርመር ይወዳል። ማባዛቱን ሊፈትነኝ ገልጦ ከኋላ በኩል ገባ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ታንክ ነው ጋሼ።"

"ታንኩ የታለ?"

"ታንኩማ ማሽኑ ውስጥ ነው። ይኼ ግድግዳው የት የት እንደሚቆም ነው።"

ጣቱን እያስኬደ ጥቂት መስመር አነበበ። "ስድስት ጠ፣ ሁለት ነጥብ፣ አንድ ጢ… እንዴ፣ ምልክት ነዋ!" አለ።

ከዚያ ጥቅልሉን ፈትቶ እየገለበጠ ያለውን ድጓ አሳየኝ። የድጓ ተማሪ መጽሐፉን በገዛ እጁ መገልበጥ የቆየ ሥርዓት ነው። ጽሕፈቱ ደቃቅ፣ መስመሩ የተጠጋጋ፤ በመስመርና በመስመር መሐል ደግሞ ከዋናው ፊደል ይበልጥ የደቀቁ ጭረቶችና ፊደሎች ሰፍረዋል። ለምን እንዲህ እንዳሳነሰው ጠየቅሁት። "ፍየል የምትገዛልኝ አንተ ነህ?" አለኝ። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው፤ ድጓ ደግሞ የዓመቱን በዓላት ሁሉ የያዘ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ያለ ቁጠባ የሚጽፍ ሰው መንጋ ይፈጃል።

የምልክቶቹን ስም ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ በላያቸውም ድርስና አንብር። ትውፊቱ ዜማውን ለቅዱስ ያሬድ፣ የምልክቱን ሥርዓት ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። እኔን የያዘኝ ግን ከእነዚህ ሌላ፣ ከላይ በላይ የተጻፉት ትናንሽ ፊደሎች ነበሩ። እያንዳንዷ ከአንድ የታወቀ ቃል ላይ የተቆረጠች ናት፤ ያ ቃል በሚዜምበት ስልት ይኼኛውን አዚመው ትላለች። አንድ ሁለት ፊደል ሙሉ የዜማ ሐረግ ይጠራል ማለት ነው። ሃሌ ሉያም ስንት ጊዜ እንደሚባል በቁጥር ይገለጻል እንጂ ያን ያህል ጊዜ ተደጋግሞ አይጻፍም።

"ታዲያ ዜማው የታለ?" አልኩት፤ እሱ ታንኩ የታለ እንዳለኝ።

"ዜማው ከየኔታ ዘንድ ነው። ብራናው የቱን እንደማነሣ ነው የሚነግረኝ።"

ደብተሬንም አረመልኝ። ሁለተኛው መስመር ከፊተኛው ጋር አንድ ከሆነ ለምን ትደግመዋለህ፣ "ከማሁ" በልና እለፍ አለኝ። የቀኙ ጎን የግራው መልክ ከሆነም ግማሹን ብቻ ጻፍ። በዚያ በዓል ሰሞን ደብተሬ ውስጥ "ከማ" የሚል ምልክት ገባ፤ ሒሳቡና ታንኩም እስከ ሰኔ ሳይጋጩ ቆዩ። እናቴ ሁለታችንን አጎንብሰን ስታየን ወንድሟ ማባዛት ያስጠናኝ መስሏት ቡና ደገመችልን።

ኋላ ኮምፒውተር ስማር ይህን ሁሉ መልሼ አሰላሁት። 14 ዓይነት ነገር በግማሽ ባይት ይገባል፤ 169 ግማሽ ባይት 85 ባይት ግድም ነው። አንድ ሙሉ የጦር ሜዳ ከአንድ አጭር አንቀጽ ያነሰ ቦታ ይዞ ያድራል። "ባትል ሲቲ" ከነሥዕሉ፣ ከነድምፁ፣ ከ35ቱ ስቴጅ ጋር 24 ኪሎባይት ካሴት ውስጥ የገባውም በዚህ ዓይነት ቁጠባ ነው። ጡቡ ምን እንደሚመስል ማሽኑ አንድ ጊዜ ያውቃል፤ ስቴጁ የሚያወራው የት እንደሚቆም ብቻ ነው።

እዚያው ካሴት ላይ "ኤክሳይት ባይክ" የሚባል የሞተር ውድድርም ነበር፤ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው። መንገዱን ራስህ ትሠራለህ፤ ጉብታዎቹ ከኤ እስከ ኤስ በፊደል የተሰየሙ 19 ዓይነት ናቸው፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ገነት ነው። ከሁሉ የሚያቃጥለው ግን ዝርዝሩ ውስጥ "ሴቭ" የሚል ቃል መኖሩ ነበር። ይሠራል ብለን ያልተጫንነው ቀን የለም፤ ምንም አይቀመጥም። ነገሩ የተገለጠልኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያ ምርጫ የሚሠራው ጃፓን ውስጥ ብቻ ይሸጥ ከነበረ የቴፕ መቅጃ ጋር ነው፤ መንገዱ በድምፅ ካሴት ላይ ይቀዳ ነበር። ጋይንት ቀርቶ አሜሪካ የተሸጠውም ማሽን ያን መቅጃ አላገኘም። የሚያስቀምጥ ቃል እንጂ የሚያስቀምጥበት ዕቃ አልነበረም።

ከዚያ ደብረ ታቦርም ነፋስ መውጫም በፕሌስቴሽን ቤት ተሞሉ። የመጀመሪያው ፕሌስቴሽን ሜሞሪ ካርድ 128 ኪሎባይት፣ በ15 ክፍል የተከፈለ ነበር፤ አንዱ ሊጉን ለማስቀመጥ የሌላውን ሊግ ሲሰርዝ ስንት ጓደኝነት እንደፈረሰ ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ የዚያን ዘመን ብዙውን በተመልካችነት ነው ያሳለፍኩት፤ የሚሠራ ሜዳ አልነበረበትም።

ወደ ግንባታ የተመለስኩት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ 1997 ዓ.ም. ነው። የዶርም ልጆች ሁሉ "ካውንተር" ይጫወታሉ። "ካውንተር ስትራይክ" ሚን ሌ እና ጄስ ክሊፍ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች "ሃፍ ላይፍ" ላይ ቀጥለው እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመሩት ነው። ዓለም ሁሉ የሚጋደልበትን "ደስት" የተባለውን ማፕም የሠራው ዴቭ ጆንስተን የሚባል፣ ያኔ ገና ተማሪ የነበረ እንግሊዛዊ ነው። ይህን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ተማሪ ከሆነማ እኔም ተማሪ ነኝ! "ሀመር" የሚባለው የማፕ መሥሪያ በነፃ ይገኝ ነበርና አንዱ በፍሎፒ አመጣልኝ። ምን እንደምሠራ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ ነፋስ መውጫን ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ብቻ ከመነሻው ውጭ አደረግሁት፤ ሰው የሚገዳደልበት ቦታ አይደለም።

ነፋስ መውጫ ግን ለዚያ ማሽን የማትመች ከተማ ሆና ተገኘች። ጨዋታው ማፑ ሲሠራ አስቀድሞ ከየትኛው ቦታ ምን እንደሚታይ ያሰላል፤ የማይታየውን አይሥልም፤ ፍጥነቱም ከዚህ ይመጣል። በአንድ እይታ 800 ፖሊጎን ግድም ካለፍክ የዚያ ዘመን ኮምፒውተር መንገታገት ይጀምራል። የእኛ ከተማ ደግሞ ጎዳና ዳር የተደረደረች ናት፤ አንዱ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ሌላኛውን ጫፍ ያያል። የእያንዳንዱ ሱቅ በርና መስኮት፣ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ባንድ ጊዜ መሣል አለበት። የነበረው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ መንገዱን አጣመምኩት። ቻይናዎቹ ያቀኑትን ጎዳና ሁለት ቦታ ላይ ቀለስኩት፤ አንዱን ጥምዝ በአህያ በረት፣ ሌላውን በጭነት መኪና ሸፈንኩት።

ቀጥሎ ጎጆዎቹ መጡ። ክብ ነገር ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ጠላቱ ነው። ክብ አያውቅም፤ የሚያውቀው ጠፍጣፋ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ክቡን በብዙ ጎን መሥራት ግድ ይላል። 16 ጎን ያለው ጎጆ ያማረ ነበር። ግን ሰውዬው ግድግዳ ውስጥ እንዳይገባ ጨዋታው እያንዳንዱን ጠርዝ ለቆመ ሰው፣ ላጎነበሰ ሰውና ለግዙፍ አካል ለየብቻ መልሶ ያሰላዋል፤ የዚህ ስሌት ጣሪያው 32,767 ነው። ያን ካለፍክ ማፑ አይሠራልህም፤ አንድ ደረቅ መስመር ጽፎ ይቆማል። የእኔ መንደር ጣሪያውን የነካው ገና ገበያው ሳይሠራ ነው። ጎጆዎቹን ወደ 8 ጎን አወረድኳቸው። ክዳናቸውን ለዓይን ብቻ የሚታይ፣ አካል የሌለው አደረግሁትና እያንዳንዱን ጎጆ በማይታይ ሣጥን ከበብኩት። ተጫዋቹ ክቡን ያያል፤ የሚጋጨው ግን ከሣጥኑ ጋር ነው። ይህን ዘዴ ያገኘሁ ዕለት የተደሰትኩትን ያህል በፈተና ውጤትም ተደስቼ አላውቅም።

የግድግዳ ምስሉም ጉዳይ ነበር። ስፋቱ 256 በ256 የሆነ አንድ ምስል፣ ከሩቅ ሲታይ የሚተኩት ትናንሽ ግልባጮቹ ሲታከሉበት፣ 85 ኪሎባይት ነው። ለአንድ ማፕ በተለምዶ የሚፈቀደው 4 ሜጋባይት በመሆኑ ከ48 በላይ እንዲህ ያለ ምስል አይገባም። ሲሰሙት ብዙ ነው። ሲሠሩበት ግን የጭቃው ምርግ፣ ቆርቆሮው፣ የሣሩ ክዳን፣ የድንጋዩ አጥር፣ የሱቁ በር፣ የሻይ ቤቱ መጋረጃ እያለ ያልቃል። ስለዚህ አንድ የጭቃ ምርግ ለከተማው ሁሉ አለበስኩ፤ አንዱን ቤት ሳልዘረጋው፣ ሌላውን ዘርግቼው፣ አንዱን ዘቅዝቄው። አንድ ምስል በሰፊው ሲዘረጋ ግድግዳው የሚከፋፈልበት ቁራጭም ስለሚቀንስ ባንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነበር።

የከበደኝ ነፋሱ ነው። ነፋስ የሌለበት ነፋስ መውጫ ምን ይባላል? ቀድቼ ካመጣሁት ድምፅ፣ ጥራቱን ዝቅ አድርጌው እንኳን፣ አሥር ሰከንዱ 110 ኪሎባይት ሆነ። ማፑ ደግሞ ታምቆ በአንድ ፍሎፒ መግባት ነበረበት። የፍሎፒ ልክ 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ሁለት ፍሎፒ ላይ የከፈለ ሰው አንደኛው ሲበላሽበት ሁለቱንም እንደጣለ ይቁጠረው። ነፋሱን ወደ ሁለት ሰከንድ ቆረጥኩትና እየዞረ እንዲደጋገም አደረግሁት፤ 22 ኪሎባይት።

የመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች የዶርም ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ከስማዳ፣ ከወገዳ፣ ሌላው ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ፣ የቀሩት ከየአገሩ። የወገዳው ልጅ ወደ ጎንደርም ወደ ባሕር ዳርም ሲወጣ በነፋስ መውጫ ያለፈ ነው። ገና አሥር እርምጃ ሳይሄድ ቆመ።

"መንገዱን ማን አጣመመው?"

"ማሽኑ አልችል ብሎ ነው።"

"መናኸሪያውስ?"

"አልገባም።"

ትንሽ ሄደና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አንድ በር አየ። ከበሩ በስተኋላ ምንም አልነበረም፤ በሩ ራሱ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። እሱ ግን "አሃ፣ ይኼ ሻይ ቤት! ፓስታ የምንበላበት!" ብሎ ውስጡን ያስረዳን ጀመር፤ ወንበሩን፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ፣ የአስተናጋጇን ቁጣ ሳይቀር። ከአዳማ የመጣው ልጅ በዚያው በር ፊት አልፎ "ጭቃ ብቻ ነው እንዴ የሠራኸው?" አለኝ። ማፑ አንድ ነው። ጋሼ ዜማው ከየኔታ ዘንድ ነው ያለው ትዝ አለኝ፤ ለወገዳው ልጅ አንዲት ሰማያዊ በር በቃችው፣ ለአዳማው ልጅ ግን 4 ሜጋባይት አነሰበት።

ነፋሱን በተመለከተ ሁለቱም ተስማሙ። "ይንተባተባል" አሉ። እውነት ነው፣ መገጣጠሚያው ይሰማ ነበር።

ሌሎች ማፕ ሠሪዎችም ቢሆኑ ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። "ዋርክራፍት 3" ላይ በኢንተርኔት የሚጫወቱ ማፖች ለዓመታት ከ4 ሜጋባይት እንዳይበልጡ ተወስነው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው ወደ 8 ከፍ ያለው። "ዶታ" ያደገው በዚያች 4 ሜጋባይት ውስጥ ነው። "ሊትል ቢግ ፕላኔት" ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ከሜዳው ጎን ቴርሞሜትር አቆመ፤ ዕቃ በጨመርክ ቁጥር ይሞላል፣ ከሞላ አትጨምርም። ብልህ ነገር ነው። እኔ ጣሪያውን የማውቀው ከነካሁት በኋላ ነበር።

ባለፈው ክረምት እናቴ እህቴን ልትጠይቅ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዳ ሳለ የእህቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለልኝ። "ፎርትናይት" ላይ የራሱን ደሴት እየሠራ ነው። ደሴቱ ጋይንት ነው፤ አያቱ ከሶፋው ላይ ሆና እየነገረችው ነው የሚሠራው። ችግር ገጥሟቸዋል። የደሴቱ መለኪያ 100,000 ላይ ያልቃል፤ እነሱ ሞልተውታል።

"አጎቴ፣ ቤቱን ላጥፋ ወይስ ዛፉን?"

ያሉትን ዛፎች እንዲያሳየኝ ነገርኩት። አንዱ የፈረንጅ ጽድ፣ አንዱ ዘንባባ፣ አንዱ ምኑም ያልታወቀ የአውሮፓ ዛፍ ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ዓይነት ዕቃ መጀመሪያ ሲገባ ብዙ ይበላል፤ ያው ዕቃ ሲደገም ግን ጥቂት ነው የሚጨምረው። ስለዚህ ዓይነቱን ቀንስ እንጂ ቁጥሩን አትፍራ አልኩት። "አንድ ዛፍ ምረጥና እሱን ብቻ ደጋግመው። ባሕር ዛፍ የሚመስል ፈልግ። ጋይንት ውስጥ ሌላ ምን ዛፍ አለና!"

እናቴ ከኋላ ሆና ሰማችኝ። "ምን አልክ አንተ? ኮሶውስ? ግራሩስ? የቤተ ክርስቲያኑ ጽድስ?"

"እማዬ፣ ቦታ የለም እኮ።"

"ጽድ የሌለው ደብር የት አይተሃል? ልጄ፣ እሱን አትስማው። ቆይ፣ ይኼ ምንድን ነው?"

"መኪና ነው፣ አያዬ።"

"አውጣው። በእኛ ጊዜ መኪና ማን ነበረው!"

ልጁ መኪኖቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ መለኪያው ዝቅ አለ። ሦስት ጽድ ተተከለ። ቤቶቹን ስምንት ጎን እንዲያደርጋቸው ልነግረው አፌን ስከፍት እሷ ወደ ወፍጮ ቤቱ አልፋለች፤ ከወንዙ ማዶ ነው፣ እዚህ አይደለም እያለች ስልኩን ወደ ራሷ አዞረችው።